ውኃ ልክ

ደላላው ሙክታር ከግድግዳው አልላቀቅ አለ።
ታች፣ ደረጃው ሥር፣ ጀርባውን አስደግፎ፣
«ቀዝቃዛ ቤት ነው አቦ! ንፋስ ከዚህ፣ ንፋስ ከዚያ፣
ጣቢያው በእግር አምስት ደቂቃ፣ ገበያው ሦስት፣
ባሕር ዳርም ነው ማለት ይቻላል» ብሎ
በራሱ ቀልድ ሳቀ፤ አልሳቅሁለትም።

ባሕሩ ጅቡቲ ነው። እዚህ ያለው ደቻቱ ነው፤
ዓመቱን ሙሉ አሸዋ፣
ፍየል የሚሻገረው፣ ልጅ ኳስ የሚለጋበት፣
ሸራ ዘርግተው ሰልባጅ የሚሸጡበት ወንዝ።
ውኃው እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ግን
በር አያንኳኳም።

ሃያ ሁለት ዓመት በሰው ቤት ሰፍቻለሁ።
ሲንጀሬን ከገንደ ቆሬ ወደ ለገሃሬ፣
ከለገሃሬ ወደ ሳቢያን፣
በጋሪ፣ በባጃጅ፣ አንዴም በሰው ትከሻ፤
አንዲት ምስማር ለመምታት አከራይ ሳስፈቅድ፣
«መብራት ፈጀሽ» ስባል፤
ኑሮዬ ቤት አልመታ ያለ ግጥም ነበር።
እቁቤ ሁለቴ ወጥቶ ሁለቴም ሐኪም ቤት ቀረ።
ሦስተኛው ሲደርሰኝ ለማንም አልተነፈስኩም፣
የባንክ ደብተሩን
በሽርጤ እጥፋት ውስጥ ሰፋሁት።

ላይ ወጣን። ሁለት ክፍል፣ አንድ በረንዳ፤
ወለሉ የፈረንሳይ ሸክላ፣ ሦስቱ የተሰነጠቁ፣
መስኮቱ የእንጨት ርብራብ፣
አንድ ዘመን አረንጓዴ የነበረ።
ኢብላ ሮብሌ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች፤
ልጇ ጅቡቲ ወልዳለች፣ ልትሄድ ነው።
አባቷ የባቡር ፍሬን ያዥ ነበር፤
በወር አንዴ በጠርሙስ የባሕር ውኃ ያመጣና
በሰሃን ገልብጦ እዚህ መስኮት ላይ ያኖረዋል።
«ሲተን ጨው ይቀራል፤ ጨዉን ልሰን
ባሕር አየን እንል ነበር» አለችኝ።

የአክስቴ ልጅ ደምሰው ግንበኛ ነው።
ውኃ ልኩን አውጥቶ ወለሉ ላይ አጋደመው፤
አረፋዋ መሃል አልቆም አለች፣
ከወንዙ ሸሸች።
«አጋድሏል» አለ፣ «ሦስት ጣት፣ ወደ ደቻቱ።»
ኢብላ አላፈረችም፦ «ብርቱካን ሲወድቅ
ሁልጊዜ ያቺ ማዕዘን ጋ ነው የሚገኘው፤
ልጅ ሲጠፋንም መጀመሪያ እዚያ ነው የምናየው።»

የጠራችው ዋጋ የኮንዶሚኒየም ግማሽ አይሞላም።
ርካሽ ያስፈራል፣ ጨርቅም ይሁን ቤት።
ወረድኩና ሙክታርን «እስቲ ዞር በል» አልኩት።
ዞር አለ፤ የኮቱ ጀርባ ኖራ በኖራ።
ግድግዳው ላይ፣ ከደረቴ ትይዩ፣
ቡናማ መስመር፣
መቀስ ሳይገባ በፊት በጠመኔ
«እዚህ ድረስ» ብዬ እንደማሰምረው።

ሙክታር ጫቱን ወደ ሌላው ጉንጩ አዛወረ።
ኢብላ ከላይ፣ ከደረጃው ራስ፣
«ዘጠና ስምንት፣ ሐምሌ ሲያልቅ» አለች፤
«ሌሊት ነው። እዚህ ታች የነበሩት…»
አልጨረሰችውም።

ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩ።
ከመስመሩ እስከ ላይኛው ወለል ለካሁ፣
ሁለት ሜትር ከአሥር፤
ለሙሽራ ስለካ እንኳ እንዲያ አልጠነቀቅም።
ለመስመሩ ቀንሺልኝ አላልኩም፤
በሰው ሞት ዋጋ አይወርድም።
ለሦስቱ ሸክላ ግን ተከራከርኩ፣
ቀነሰችልኝ።

አሁን ምስማር በፈለግኩበት እመታለሁ።
ቁልፍ ሲያመልጠኝ አልጎነበስም፣
የት እንደሚቆም አውቃለሁ።

ትናንት ማታ ደንገጎ ላይ ሰማዩ ጠቆረ፤
እዚህ ጠብታ የለም፣ አሸዋው እንደ ደረቀ ነበረ።
አሥራ አራቱን ደረጃ በባዶ እግሬ ወረድኩና፣
ማንኳኳት የእኔ ድርሻ ነውና፣
ታች ያለውን ባጃጅ ነጂ፣ ፈይሰልን፣ ቀሰቀስኩት፤
ሚስቱ ትልቋን ይዛ፣ ታናሹን እኔ ከነአንሶላው አወጣሁት።
ውኃው ሳይመጣ ነጋ።
ልጆቹ ካስተኛኋቸው ርቀው፣ ተንከባለው፣
ያቺ ማዕዘን ጋ።