አራተኛው ትሮምቦን

ኦማሃ ነው ከተማው፤ በረዶው እስከ ጉልበት፤
ከፀጉር ቤቱ በላይ፣ ከተከራየኋት ቤት፣
እግሬን በጋዜጣ ከብርድ ጠቅልዬ
ኖታ እቀዳለሁ ብዕሬን ስዬ።
ስሜ ኦዜላ ነው፤ አይጻፍም በሸክላ፤
ድርሻዬ ቀለም ነው፣ ጣቴን የሚበላ።

ሚስተር ቫንስ በአውቶቡስ ያፏጨውን ዜማ
እዘረጋዋለሁ፣ በአምስት መስመር አውድማ፤
ለአሥራ ስድስቱ ሰው እንደየአፉ ልክ
ድምፅ አጎርሳለሁ፣ ሳልወጣ መድረክ፦
ለአልቶው ማሩን፣ ለመለከት ስሉን፣
ለባሱ እርምጃውን፣ ለከበሮ ጥሉን።

አራተኛው ትሮምቦን፣ ክሊዮፈስ ታርቨር፣
የሱ ዕጣ ደግሞ ከሁሉ ሥር ማደር፤
እንደ ጫማ ሶል፣ እንደ ቤት መሠረት፣
ካልጎደለ በቀር ዓይን የማያርፍበት።
በዘጠኝ ዓመቱ አንድ ቀን ተነሥቶ
ብቻውን አልነፋም፣ መብራት ፊቱ በርቶ።
ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ ስቆ፣
የትሮምቦኑን ክንድ ወልውሎ፣ አድርቆ፣
«ምሰሶ ልጨፍር ብሎ ብድግ ካለ
ጣራውን የሚይዝ ሌላ ማን ሰው አለ?»

ከዚያ መጣ ጦርነት።
ደብዳቤ በየቤቱ፣ ማኅተም ያለበት።
ተርማን ቀድሞ ሄደ፣ ሁለተኛው መለከት፤
ድምፁን ከፍዬ ግማሹን ሰጠሁ ለክላሪኔት።
ጊታሩ ቀጠለ። ፒያኖውን ለመንኩት፣
«በግራ እጅህ ያዝልኝ» ብዬ አደራ ሰጠሁት።
ጎማ ለጦር ሆነ፣ ቤንዚኑ በኩፖን፤
ካሥራ ስድስቱ ሰው አሥር ብቻ ሲሆን
እንደ ሟች ንብረት ነው፤ ወንበር በጎደለ
ድምፁን አከፋፍላለሁ ለቀረ፣ ላለ።
ቅዳሜ አዳራሹ ግን ጢም ብሎ ይሞላል፤
ፈቃድ የወጣ ወታደር ከነቦቲው ይሽከረከራል።
የጎደለውን ማንም አያውቅም፤
ጆሮ ደግ ነው፣ ከራሱ ይሞላል።

ክሊዮፈስም ሄደ በሚያዝያ ወር።
የሱን ለባሪቶን ሳክስፎን ሰጠሁ፣ በብድር።
«ሲመለስ ይወስዳል» ብዬ በእርሳስ ጻፍኩት፤
በቀለም አልደፈርኩት።

በኅዳር ቴሌግራም እናቱ ቤት ገባ።
የሆቴል አንሶላ ትተኩሳለች፤ ካውያው ሳይበርድ፣ እሷም ሳታነባ፣
የያዘችውን አጣጥፋ ጨረሰች፣
ከዚያ ለእኔ አቀበለች።
ረጅም ወሬ የለው፤
ከባሕር ማዶ ነው፤
አረፈ ነው።

አረፈ።
ዕረፍት የኔ ሥራ ነው፤ በቀን መቶ ጊዜ እጽፈዋለሁ፤
ከመስመር የተንጠለጠለች፣ ግልብጥ ባርኔጣ የመሰለች
ጥቁር ቁራጭ።
ባዶ አይደለም ዕረፍት። ይቆጠራል፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤
እንደ ማንኛውም ድምፅ የኖታ ቤት ይይዛል፣
ኪራዩን ይከፍላል።

ያን ሌሊት በእርሳስ የጻፍኩትን ፋቅሁት።
ለባሪቶን አልተውኩ፣ ለማንም አልሰጠሁት።
በአርባ ስምንተኛው ቤት፣ ነሐሱ ሁሉ ሊፈነዳ ሲል፣
በዘጠኙም ሰው ወረቀት ላይ
ያችን ባርኔጣ ሰቀልኩ።

ቅዳሜ።
ባንዱ ጋለበ፣ ጋለበ፣ ሽቅብ፣
ቤቱ ደረሰ፤
ተቋረጠ።
ሁለት መቶ ሰው እግሩን እንዳነሣ አየር ላይ ቀረ፣
የሚወርድበት ድምፅ አጥቶ፤
ከዚያ ሁሉም ባንድነት፣ ዱብ!
የአዳራሹ ጣውላ ከሥሩ አቃሰተ፣
ዝቅ ያለ፣ ሰፊ፣ ወደ ቢ ፍላት የሚጠጋ፤
ጫማ ሶል ነፋው፣
ምሰሶው ተነሥቶ።

ሥራ እንዳበቃ ሚስተር ቫንስ ጠራኝ።
«ምንድነው ይህ ጉድጓድ?»
«የገልባጭ ስሕተት ነው» አልኩት።
ወረቀቱን አየ። ጥግ ያለውን ወንበር አየ።
«እንግዲያው አታርሚው።»
ሃምሳ ሳንቲም ግን ከደመወዜ ላይ
ለስሕተቱ ቆርጦ፣ ፊቴንም ሳያይ
ወጣ።