አየር መጣጩን ስመርጥ

ይማም ከባድ መኪና ይነዳል፤ መንገዱ ጅቡቲ፣
በሐረጎ ቁልቁል፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ ከዚያ በባቲ።
ሚሌ ሳይደርስ ገና ያሰርኩለት ስንቅ
ላብ አውጥቶ ይጠብቀዋል፣ ሽታው ከሩቅ የሚታወቅ።

ባለፈው ደወለና «ሩቅያ፣ ቋንጣሽ ሻገተ» አለኝ፤
እንዲያ ነው እሱ፣ ፍርጥ ያደርጋል፤ አያባብለኝ።
ከሣጥን ሥር ያኖርኳትን ጥሪት ፈታሁ፤
ሰኞ ገበያውን ትቼ ወደ ፒያሳ መጣሁ።

ሻጩ ጎረምሳ ነው፤ ኑርዬ ይሉታል፤
አንድ ሲሉት ሦስት ይመልሳል፣ ምላሱ ይፈጥናል።
ሁለት ማሽን አወጣ፤ አንዱ ትልቅ፣ ብረት ለበስ፣
ሌላው ነጭ ፕላስቲክ፣ ከጫማ ካርቶን የሚያንስ።

ትልቁን ሰካና ስፖንጅ በላስቲክ ከተተ፤
እንደ ጥጃ ጠባው፤ ስፖንጁ ቂጣ አከለ፣ ሟሸሸ፣ ተጎተተ።
ሱቅ የሞላው ሰው አጨበጨበ።
«ስፖንጅ ነው ወይ ባሌ የሚበላው?» አልኩት፤
ከዘንቢሌ በርበሬ፣ ሁለት እፍኝ፣ ዘግኜ ሰጠሁት።

ኮራ ብሎ ጨመረው፤ ክዳኑን ተጫነ፤
ማሽኑ አጓራ፤ ዱቄቱ ወደ ላስቲኩ አፍ በነነ፤
መታሸጊያው መስመር ላይ ቀይ ሆኖ ተጋገረ፤
ኑርዬ አስነጠሰው፤ ከበር ያለው ሁሉ ዞረ።
አፉን ሳብ ሳደርገው እንደ ደረቀ ፖስታ ተላቀቀ፤
የትልቁ ማሽን ዋጋ በአንድ ማስነጠስ ወደቀ።

«ይሄኛውስ?» «ይሄኛው፣ እትዬ፣ አቅሙ ትንሽ ነው» አለኝ አፍሮ፤
«ቁልፍ ግን አለው፤ በቃ ስትዪው ያቆማል፤ አይከራከርሽም አምርሮ።»
በቃ ሲሉት የሚሰማ!
ሃያ ዓመት በትዳር እንዲህ ያለ ፈልጌ አጣሁ፤
ሳላመነታ ወደ ትንሹ እጄን ዘረጋሁ።

መብራቱ በሳምንት ስንቴ እንደሚጠፋ ማን ቆጥሮት ያውቃል፤
ሲመጣ ያሸግሁት ግን ሲጠፋም ይጠብቃል።
ጭንቁ ላስቲኩ ነው። «ጥቅልሉ ሲያልቅ ከየት ላምጣ?»
«ከእኔ» አለ። «አንተስ ብትጠፋ?» ዝም አለ፤ ግንባሩ ላብ አወጣ።

ሦስት ጥቅልል መረቀልኝ፤ ጥያቄዬ ነካው፤
በዚያ ጥቅምት ሁላችን ስንሸሽ ሱቁን ቆልፎ ሄዶ
ሲመለስ ባዶ መደርደሪያ ነው ያገኘው።
እኔም አውቀዋለሁ ያን ባዶ። የሽሮ እንስራዬን፣
የአብሽ ጣሳዬን፣ ቁልፉን ይዤ የወጣሁትን ጓዳዬን፤
ስገባ በሩ ተገንጥሏል፤
ነቀዙ ራሱ የሚበላው አጥቶ ተሰዷል።

ከዚያ ወዲያ አልተከራከርንም። ቆጥሬ ሰጠሁት።

ማታ መብራት ሳይሄድ ጀመርኩ። ሽሮው ጡብ መሰለ፣ ደነደነ፤
በርበሬውን ከአፉ ላይ ወረቀት አለበስኩት፤ አንድ ቅንጣት አልበነነ።
ልጄ ዘምዘም የትምህርት ቤት ካርዷን ከደብተሯ አውጥታ
«ይሄንም አሽጊው» አለች፤ አባቷ ያየዋል ብላ ፈርታ።

ቋንጣው ግን ሲነጋ ላስቲኩ ውስጥ ላላ፣ ተነፈሰ፤
ሹል ጠርዙ እንደ እሾህ ወግቶ አየሩን መለሰ።
ታርዶ፣ ተዘልዝሎ፣ ደርቆም ስጋ እምቢ ማለት አይተውም!
ካኪ ወረቀት ጠቅልዬ ዳግም አሸግሁት፤ አሁን አይወጋም።

ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፍሁበት። ከቀኑ ሥር
አንድ ቃል ልጨምር ብዬ ተውኩት፤ ለሹፌር
ምን ይጻፋል? «በልተህ ንዳ» ብዬ ጻፍሁ በመጨረሻ።

ሐሙስ ሌሊት ስልኩ ጮኸ። ከሚሌ ነው፤ ነፋሱ ያፏጫል።
«ሻገተ?» አልኩት፣ ሳልነቃ። «ኧረ ሰላም ነው፣ ያብረቀርቃል!
ግን በጥርሴ ብል እምቢ፣ በመፍቻ ብል እምቢ፤ ረዳቴ ይስቃል።
በምን ነው የሚከፈተው?»
መብራት የለም። በዳበሳ ጠረጴዛው ጋ ደረስኩ፤
መቀሱ ከማሽኑ ጎን፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።