ከሳንቃው በታች

ከመድረኩ ከንፈር ሥር፣ በአንዲት ጠባብ ጉድጓድ፣
አገጬን ሳንቃው ላይ አስደግፌ በግድ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ሰው የረሳውን ቃል
በሹክሹክታ ስሰጥ ኖሬአለሁ፤ ይበቃል።
ኢቦያ ነው ስሜ፤ ከፖስተር አይገኝ፣
ከተመልካቹ መሃል አንድ ሰው አያየኝ።
እኔም የተዋናይ ፊቱን አላውቀውም፤
በጫማው ነው እንጂ በሌላ አልለየውም።

ባርናባሽን ጠይቁኝ፦ የግራው ተቀዷል፣
ከውስጥ በካርቶን ተለብጦ ይሄዳል።
ቲሜያን ጠይቁኝ፦ ከከፍታው ዜማ
አንድ ስንዝር ቀድሞ፣ ማንም ሳይሰማ፣
ፊቷ እየሳቀ ተረከዟ ሲርድ
እኔ ነኝ የማየው፣ ብቻዬን፣ ከጉድጓድ።

«የጨው ጀልባ» ይሉታል የምናሳየውን፤
ጥንት በቲሳ ወንዝ፣ እዚሁ ሴገድ፣ ጨውን
ጭነው ስለወረዱ፣ ስለቀሩም ሰዎች፣
ስለምትጠብቅ ሴት፣ ስለ ሦስት መቅዘፊያዎች።
ጀልባው ጣውላ ነው፣ ከሥሩ ጎማ ያለው፣
ሁለት ወፍራም ሰዎች በገመድ የሚስቡት፤
ወንዙም ጨርቅ ነው፣ አራት ልጃገረዶች
ጫፍ ጫፉን ጨብጠው የሚያንቀጠቅጡት።
በአራተኛው ዘፈን፣ ባልየው ሲሰጥም፣
ጨርቁ ቀጥ ይላል።
                    ነፋስ የለም። ድምፅም።
እንደ ጨው ይወርዳል አቧራው፣ በዝግታ፤
ማስነጠስ ክልክል ነው በእኔ የሥራ ቦታ።

ከቡዳፔስት ድረስ፣ በማለዳው ባቡር፣
ኮርኔል የተባለ ፊልም ሠሪ መጣ፤
አራት ጣት አጋጥሞ፣ በጣቶቹ መስኮት
የኛን ድካም ሁሉ ሲቆርጥ፣ ሲያወጣ።
«ይሄ ፊልም ነው!» አለን። «ጨርቅ አያስፈልግም፤
ወንዙ እዚያው አለ፣ ጭጋጉም አይጠፋም።
ጀልባ አሠራለሁ፤ ካሜራው ከሰማይ
እንደ ጭልፊት ይውረድ፣ መቅዘፊያው እስኪታይ።»
ሁሉም አጨበጨበ። ባርናባሽ በደስታ
በቀዳዳ ጫማው ሳንቃውን መታ መታ።
እኔ ዝም ብዬ ገጽ ስገልጥ ቆየሁ፤
በእውነተኛው ወንዝ ላይ ሰው ሲሰጥም አየሁ፤
ውሃው ግን አልቆመም። ምን አግዶት ይቁም?
ለሰጠመ ሁሉ ወንዝ ቀጥ አይልም።

በዚያው ማታ ነበር። በሦስተኛው አንጓ
ቲሜያ ቃል ጠፋት። ተረከዟ እንኳ
አልራደም። ቀጥ አለ። ያኔ ነው የፈራሁት።

ቃሉ እኔ ጋ ነበር፣ ምላሴ ጫፍ ላይ፤
አጭር ቃል፣ «ተመለስ»፣ ለማንም የማይከብድ።
ከንፈሬን ምን እንደያዘው እስከ ዛሬ አላውቅም፤
ቂም ይሁን፣
           ጉጉት ይሁን።
አንድ ብዬ ቆጠርሁ።
ሁለት።
ሦስት። የቫዮሊኑ ቀስት አየር ላይ ቀረ።
አራት። ፎቅ ላይ ያለ ሰውዬ ሳሉን ዋጠ።
አምስት። ልጃገረዶቹ ጨርቅ መያዛቸውን ረሱ።
ስድስት። ስምንት መቶ ሰው በአንዲት ሴት አፍ ተንጠለጠለ።
ሰባት ላይ ሰጠኋት።

ተቀበለችኝ፤
ትኩስ እንቁላል ከጭድ ላይ እንደሚያነሳ ሰው
በሁለት እጅ፣ ቀስ ብላ፤
ቃሉ ያን ማታ ገና የተጣለ ይመስል።

ኮርኔል እየሮጠ ከመጋረጃ ኋላ፦
«ያ ዝምታ! የማን ነው? አይነካ በሌላ!
ሰባት ሰከንድ፣ ልክ! ለፊልሙ ይቀመጥ!»
ቲሜያ ወለሉን አየች፤ አልደፈረችም ፈገግ ለማለት።
ወደ እኔ ዞረና፣ «እርስዎስ ምን ይሠራሉ?»
«አነባለሁ» አልኩት።
«አይ፣ ፊልም ላይ እንኳ እንዲህ ያለ ሥራ የለም፤
የረሳ ይደግማል።»

የረሳ ይደግማል። ደግ ነው፤ አልከፋኝም።
ለጡረታም ቢሆን ብዙ አልቀረኝም።
ግን ኮርኔል፣ ጭልፊትህ ሰማይ ሳይወጣ በፊት፣
ካሜራህን አንድ ማታ አገጬ ባረፈበት
አስቀምጠው፤ ሳንቃው ጎድጉዷል፣ አይንሸራተትም።
ካርቶን ታያለህ። የቀሚስ ጫፍ። የጨርቅ ወንዝ።
ከዚያ አንዲት ሴት ቃል ይጠፋታል፣
ወደ ታች፣ ወዳንተ ታያለች።
ቃሉን ብታውቀውም ቶሎ አትስጣት።
ቁጠር።
አታስነጥስ።