ከጫማው በላይ አላውቀውም

ፊቱን ሌላ ያውራ፤ እኔ እግሩን አውቃለሁ፤
በኩታይሲ ቴአትር፣ ከወለሉ በታች፣ ከጉድጓድ ውስጥ ሆኜ
ሠላሳ ሁለት ዓመት ቃል አቀብያለሁ።

ቫርላም ንጉሥ የሆነ ለት ተረከዙ ቀድሞ ያርፋል፣ ይከብዳል፤
ለማኝ የሆነ ለት ጣቱ ብቻ ነክቶ ለሳንቃው ይሳሳል፤
መነኩሴ ሲሆን ድምፅ የለው፤ አቧራ ብቻ ነው የሚነሣ፤
ያን አቧራ ውጬ ስንቴ ነው ያሳለኝ፣ ቃሉን እስክረሳ።

አንድ ምሽት፣ ባንድ ድራማ፣ አባትም ልጅም ሆነ፤
ማቅቫላ በጨለማ ጫማ ስትቀይርለት አንዱ እግር ባከነ፤
ልጁ፣ ግራውን ብቻ፣ ባባቱ ጫማ ወጣ።
ሕዝቡ አላየም። እኔ አየሁ። አነከሰ፤
ከዚያ ወዲህ ያን ልጅ የሚጫወት ሁሉ እያነከሰ መጣ።

ኋላ ፊልም ወሰደው፤ ትብሊሲ፣ ሪጋ፣ ኦዴሳ፤
አርባ ጊዜ ሞተ፤ በጥይት፣ በውኃ፣ በሳል፣ አንዴም ባጥንተ ዓሣ።
ሲኒማ ገብቼ ፊቱን ያን ቀን አወቅሁ፤
ካሜራው ከወገብ አይወርድም፤ እኔ ግን እግሩን ጠበቅሁ።

በስተርጅና ተመለሰ። ንጉሥ ነው፤ ሦስተኛው ገቢር ላይ
ተረከዙ ቆመ።
ቃሉን ላክሁለት። ዝም።
ደገምሁለት። ዝም።
«ሰምቼሃለሁ» አለኝ በኋላ፣ ከደረጃው ሥር ላቡን እየጠረገ፤
«አንተ ስትለው ጣመኝ፤ ጆሮዬ አንዴ እንኳ ማዳመጥ ፈለገ።»

ትናንት ከሪዮኒ ማዶ ቀበርነው። ሣጥኑ ክፍት ነበር።
ሰዉ ግንባሩን ሲስም እኔ ወደ እግሩ ዘለቅሁ፤
አዲስ ጥቁር ጫማ፣ ሶሉ መሬት ያልነካው፤
ማንን እንደሚጫወት ፈጽሞ አላወቅሁ።