የመጀመሪያ ቀን ሂሳብ

ሰኞ ገበያ ጥግ፣ ከልብስ ሰፊው በላይ፣
አንዲት ክፍል ያዝኩኝ ጦሳን የምታሳይ።
ለቤቱ የሦስት ወር፣ ለታፔላው ቀለም፣
የሪያድ ደሞዜ አለቀ፤ ግድ የለም።
አቅጄ ነበረ በወር ሃያ አምስት ሰው፣
በውል፣ በማኅተም የማሳፍረው።

«ከወረባቦ ነኝ፤ ጀማነሽ ነኝ» አለች፣
ደጄን መስጊድ አርጋ ጫማ አወለቀች።
ወረቀቷ ሃያ፣ ጉንጯ አሥራ አምስት ይላል፤
የሁለት በግ ዋጋ ሻሿ ላይ ተቋጥሯል።

እጅጌዬን ሰበሰብኩ።
የካውያውን ጠባሳ አየችው፤ ምንም አላለች።
«ከሦስት ዓመት በኋላ ነይ፤ ያኔ በነጻ እጨርስልሻለሁ።»
ጫማዋን አጠለቀች።

ገቢ፦ ዜሮ። ወጪ፦ ሁለት ሻይ።
ወደ መስኮቱ ሮጥኩ፦ ወደ መናኸሪያ ታጠፈች፣
ወይስ ወደ ደላላው ሙሄ በር?
ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ
ሰኞ ገበያን ውጦታል።