ያዝልኝ

ኮዬ ፈጬ ውሃ ሮብ ነው የሚመጣ፤
እሱም መብራት ካለ፣ ቧንቧው ካልተቆጣ።
ከብሎኩ ጀርባ ላይ፣ በጭቃው መንገድ፣
ጀሪካን ይሰለፋል ገና ጎህ ሳይቀድ፤
ቢጫው ከሰማያዊው፣ ክዳን ያለው ከሌለው፣
አንዱ በጥቁር ቀለም "የብርቄ" የሚለው።

እኔ ከመሀል ነኝ፣ ብሎኬት ላይ ቁጭ ብዬ።
"ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ እርስዎ፣ አደራ ጋሽዬ፣
ልጅ ላድርስ፣ መጣሁኝ፣ ወረፋ ያዙልኝ።"
"ለዳቦ ልሩጥና፣ ይቺንም ይዩልኝ።"
እይዛለሁ። ሁሉንም። እስከ ማታ ቢቀሩ
አንድ ጋት አልለቅም፣ ቢቆጡ ቢያማርሩ።

ያዙልኝ ይሉኛል፣ በአንቱታ አክብረው፤
"ያዝልኝ" ያለኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

የካቲት ነበረ። ጨረቃ የለችም።
መርከባችን ጎኗን ስትመታ አልጮኸችም፤
ዝም ብላ ዘመመች፣ ታሞ እንደ ተኛ ሰው፤
ከታች ለነበረው ጊዜ አልደረሰው።
ናፍጣው ባሕሩ ላይ ይነዳል፣ ይጠፋል፤
አንድ ስም ይጠራል፣ ግማሹ ላይ ያርፋል።
ከዚያ ከጨለማው፣ ሊረዳን ሊጎዳን፣
አንድ ጀሪካን መጣ፣ ክዳኑ ያልከዳን።
አንድ ሰው ይሸከማል፤ ሁለት ሲሆን ይጠልቃል፤
ይህን ውሃ ያውቃል። እጅም ቀስ ብሎ ያውቃል።

ዘርጋው የወልቂጤ ልጅ፣ ወጥ ቤት የሚሠራ፣
ሽንኩርት ሲልጥ እንኳ ቀልድ የሚያወራ፤
ዋና አያውቅም ነበር። ባሕረኛ ሆኖ!
"ወጡ እንዳይቀጥን ነው" ይላል ተጀንኖ።
ቀን ወጣ። ቀን ገባ። አንዲት ወፍ ዞረችን፤
"ምሳው አልደረሰም" አላት፤ እሷም ተወችን።

ሁለተኛው ሌሊት፣ ምላስ በአፍ ደርቆ፣
ከንፈር እንደ ዋልካ በጨው ተሰንጥቆ፣
ወደ ጆሮዬ ዞሮ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ዋዛ፣
(ድምፁ የወጥ ቤቱ ነው፣ ያው ቀልዱ፣ ያው ለዛ)
"መጣሁ፣ ያዝልኝ" አለኝ። እጁ ለቀቀ። ሄደ።
ጀሪካኑ ወዲያው ከፍ አለ፤ ተራመደ።

"ዘርጋው! ዘርጋው!" ብዬ ነጋልኝ ስጣራ፤
ስሙን ይሁን እጁን፣ ዛሬም አልተጣራ።

ዓሣ አጥማጆች መጥተው ከውሃ ሲያወጡኝ፣
"ልቀቀው" እያሉ በዓረብኛ ተቆጡኝ።
አልለቅም። የሰው ነው።

ዕጣ የወጣልኝ ለታ "አራተኛ ፎቅ" ሲሉኝ፣
"ከፍ ማለቱ ጥሩ ነው፣ ውሃ አይደርስም" አልኩኝ።
እውነትም አልደረሰ።

የብርቄ ትንሿ ልጅ ካርታ ይዛ መጣች፤
"ባሕሩ የት ጋ ነው?" ጣቷን አንከራተተች፤
ከሰሜን ከምሥራቅ መስመሩን ተከትላ፣
"ጋሼ፣ ውሃ የለንም!" አለችኝ፣ ሳቅ ብላ።

ዛሬ ሮብ ነው ደግሞ። ቧንቧው አስነጠሰ፤
አየር ተፋ፣ ዝገት ተፋ፣ ጭቃ አፈሰሰ።
አንድ አዲስ ተከራይ፣ ወረፋው ያማረረው፣
ከእኔ ቀጥሎ ያለውን በእግሩ ገፋ አደረገው፤
"ይሄኛው የማነው? ባለቤት የለውም፣ ይነሣ!"
ሰዉ ዝም አለ። እኔም ከብሎኬቱ ሳልነሣ፦
"ባለቤቱማ አለው፤ መጣሁ ብሎኝ ሄዶ ነው።"
"መቼ ነው የሄደው?"
                    "አሁን ነው።"

ሁለቱን ሞላሁኝ፤ አንድ በያንዳንዱ እጅ።
ምድር ላይ አራስ አለች፣ ታቅፋ የአምስት ቀን ልጅ፤
የዘርጋውን ለእሷ በባልዲ ገለበጥኩ።
"ከማን ልበል?" አለች። ስሙን ብቻ ነገርኩ።

"ምን ያደርጋል ባዶ?" አለችኝ ብርቄ፤
ዝም ብዬ ዘጋሁት፣ ክዳኑን አጥብቄ።