ሞላ

ካምፑ ጓሮ ነበር፣ ከባሕር ዛፉ ጥግ፣
ደብረ ማርቆስ ብርድ ላይ፣ በትልቅ ማዕረግ
«የምርምር ክፍል» ተብሎ በቀይ ቀለም
የተጻፈበት ቤት፤ መስኮት ግን የለውም።

እኔ ታይፒስቷ፣ ሦስት ካርቦን ደርቤ፣
ከመኪናው ጋራ ማለዳ ቀርቤ፣
የመዋቅሩን ሥዕል ነበር የምመታው፣
ሣጥን ከሣጥን ጋር በመስመር የማስረው።
ከላይ ጓድ ሻለቃ፣ ዝቅ ሲል ዕቅድ አለ፣
ከዕቅድ ሥር ንድፍ፣ ሙከራ ቀጠለ፤
በጎን በኩል ደግሞ በነጠብጣብ መስመር
ሁሉን የሚያዳምጥ የካድሬው ወንበር፤
ከግርጌ ንብረት ክፍል፦ አንድ ሰው፣ አንድ ቁልፍ፣
ለአንድ ኪሎ ብረት ሳምንት የሚያሰልፍ።

ጉዳዩ ትንሽ ነው። መትረየሱ ሆድ ውስጥ
ሞላው ይሰበራል፣ ተኩሱ ሲቀልጥ፤
መለዋወጫው ግን አሰብ ላይ ተኝቷል፣
ወይ መርከብ ይዞታል፣ ወይ ሰነድ በልቶታል።
ስለዚህ ታዘዘ፦ «ሞላው እዚሁ ይጠና፤
ሦስት ወር ይበቃል። ውጤት ይምጣ ደህና።»

መቶ አለቃ ዳምጠው፣ ውጭ አገር የተማረ፣
ሠላሳ ሞላ ሠራ፤ ሠላሳው ተሰበረ።
«ሙከራ አንድ፦ ከሸፈ።» «ሙከራ ሁለት፦ ከሸፈ።»
ጥቅምት በዚህ አለቀ፣ ኅዳርም አለፈ።
ከዘጠነኛው ኋላ፣ ለማንም ሳይነግር፣
ጂፑን አስነሥቶ ሄደ፣ ደምበጫ ሊያድር።

ይዞት የመጣው ሰው አያ ስንሻው ነው፤
ቀጥቃጭ ነው፤ ሰፈሩ በሌት የሚሸሸው።
የዘበኛው ሚስት ልጇን ሸፈነችው፣
«ዓይኑ…» አለችና ሐረጉን ተወችው።
እኔስ? አልዋሽም። ሻዬን ከደንሁት
ቁጥር ባለው ፋይል። ኋላ ነው ያፈርሁት።

ያው ዓይን ነው ለካ ጦሩ የፈለገው።

«ጨለማ ስጡኝ» አለ። መስኮት አለመኖሩ
ያን ቀን ብቻ በጀን። ጋመ የከሰሉ ዳሩ።
ብረቱ ቀልቶ ወጣ፤ ኑግ ዘይት ጠጥቶ፣
ጮኾ፣ ተወልውሎ፣ ዳግም እሳት ገብቶ…
መቶ አለቃው እርሳስ፣ ደብተር ይዞ አጠገብ፦
«ስንት ዲግሪ ነው፣ አያ? ቁጥሩን ልመዝግብ።»
«ምን ቁጥር አለበት! የጤፍ ነዶ ሲመስል
አንተ እዚያ ነው ያቆምኸው፤ ገና ነው፣ ሳይበስል።
ትንሽ ታገሠው፤ የርግብ አንገት ሲሆን
ያኔ አውጣ፤ አትጠብቅ ሌላ ሌላውን።
ሰማይ ከመሰለ ልፍስፍስ ነው፤ በቃ።»

ሠንጠረዡ «ሙቀት» ይላል፤ ምን ብዬ ልሙላው?
«የርግብ አንገት» ብዬ መታሁት፣ እንዳለው።
ካድሬው ቀይ ስክሪብቶ መዝዞ ሰረዘው፦
«ጓዲት፣ ቅኔ ቤት ነው? ቁጥር ነው የምንሻው!»
«ሦስት መቶ» አልን፤ ከየት? እንጃ፣ ከራሳችን።
ቅጹ ሞላ። ማኅተም። ደስ አለው አለቃችን።

ውትርን ማዶ፣ ገደሉ ላይ፣ ሲተኮስ ዋለ፤
አራት ሺህ ጥይት። ሞላው «ኧረ ገና!» አለ።
ሁሉም ሲያጨበጭብ አያ ስንሻው ዝም።
እሳት የበላውን እጁን አየ፤ ሳይቆጣም፣
«መልካም ነው» አለ፤ «ግን ማንን ነው የሚመታ?»
ዕቅድ ንድፍን አየ፣ ንድፍ ሙከራን፤ ለአፍታ
ወፏም ዝም ያለች መሰለኝ። ያን ሁሉ
ሣጥን ሥዬ፣ ለዚች ጥያቄ የለም ክፍሉ።

በሰባት ብር ሸኙት፦ «ጊዜያዊ፣ የቀን ሥራ።»
ፈረመ በአውራ ጣቱ፣ ከስሜ ጎን፣ በተራ።
ሻለቃው ተሸለመ፤ ዳምጠውም ኮከብ ጨመረ፤
መዋቅሩን ደግሜ መታሁት። ያው ነበረ።

አሁን ቆርቆሮው ቤት የማዳበሪያ መጋዘን ነው።
ቀዩ ስክሪብቶ የነካው ላይኛዋን ገጽ ብቻ ነው፤
ከካርቦን ሥር የወጣችው፣ ሦስተኛዋ፣ ደብዛዛዋ፣
ቀይ አልደረሰባትም። እኔ ጋ ነው ማደሪያዋ።
የማንም ስም የለባትም። አንዳንዴ አውጥቼ አያታለሁ፤
«ሙቀት፦ የርግብ አንገት» ትላለች።
ሰማያዊው ቀለሟ እያረጀ፣ ወደ ግራጫ፣ ወደ ሐምራዊ ሲሸሽ፣
እሷም ራሷ፣ ምን ልበል፣
ልክ ሊወጣ የደረሰ ብረት መስላለች።